የትርዒት ዶሮ ማርባት ለምትፈልጉ፦ የትኛውን ዝርያ፣ ከማን፣ እንዴት?

ዳኛው ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ቄቤን ከሽቦ ቤቷ ቀስ ብለው አወጧት። ደረቷን በግራ መዳፋቸው ላይ አሳረፉ፤ እግሮቿን በጣቶቻቸው መሃል ያዙ። ክንፏን ዘርግተው ላባ በላባ አዩና መለሱት። የጀርባዋን ላባ እፍ ብለው ገለጥ አደረጉና ሥሩን ተመለከቱ። ከዚያ እግሯን ወደ መብራቱ አዞሩ። በእግር ጣቶቿ መሃል ያለውን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ። እዚያ ላይ ቆሙ። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ለስላሳ ላባ በቅላ ኖሯል። ካርዱ ላይ አጭር ነገር ጻፉ፣ ዶሮዋን መለሱ፣ ወደሚቀጥለው ሄዱ። ቄቤ ከውድድር ውጭ ሆነች።

ከጫጩትነቷ ጀምሬ ስምንት ወር የለፋሁባት ዶሮ ናት። የመጀመሪያዬ ትርዒት ነበር፤ እዚሁ እኔ በምኖርበት ኦሃዮ። እግራቸው ባዶ መሆን በሚገባቸው ዝርያዎች ላይ እንዲህ ያለች ላባ ከተገኘች ሌላው ሁሉ ቢያምር ዋጋ የለውም።

ያን ቀን እየነዳሁ ስመለስ ጥፋቱን ከአመጋገብም ከአያያዝም ስፈልግ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ጥፋቱ የተጀመረው ዝርያ የመረጥኩ ቀን ነው። ዶሮዎቹን የገዛሁት ቀለማቸው ዓይኔ ስለገባ ነበር። ስንት ነገር ባንድ ላይ መሳካት እንዳለበት አልቆጠርኩም። ከማን እንደምገዛም አልጠየቅሁም። አሁን ትርዒት ላይ የሚያገኙኝ ያገሬ ልጆች «እኔም ልጀምር ነው፣ ምን ልግዛ?» ሲሉኝ ይህን ሁሉ ቆሜ ማስረዳት ስለማይመቸኝ ጻፍኩት።

መስፈርቱ ምን ይጠይቃል?

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ትልቅ የዶሮ ትርዒት የተደረገው በ1849 ቦስተን ላይ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ሁሉም የሚዳኝበት አንድ መጽሐፍ አልነበረም። በ1873 ቡፋሎ፣ ኒው ዮርክ ላይ የአሜሪካ የዶሮ አርቢዎች ማኅበር ተመሠረተ። በዓመቱ፣ በ1874፣ የየዝርያውን መስፈርት አወጣ። ያ መጽሐፍ ዛሬም እየታደሰ ይታተማል፤ ስሙ «ስታንዳርድ ኦፍ ፐርፌክሽን» ነው። ባንታም ለሚባሉት ትንንሽ ዶሮዎች ደግሞ ከ1914 ጀምሮ የራሳቸው ማኅበር አለ።

መጽሐፉ ለያንዳንዱ ዝርያ የጀርባውን አወራረድ፣ የጭራውን አቋቋም፣ የእግሩን ቀለም፣ የዓይኑን ቀለም፣ ክብደቱን፣ የላባውን መልክ ከላይም ከሥርም ይነግራል። ነጥቡ ሲደመር 100 ነው። ከዚያ ለብቻው «ይህ ከተገኘ ውድቅ» የሚባሉ ጉድለቶች አሉ። ወደ ጎን የተጣመመ ጭራ፣ የተጣመመ ምንቃር፣ ነጠላ ጉትዬ ላይ በጎን የበቀለ ተጨማሪ ጫፍ፣ ያቺ የኔዋ የጤፍ ፍሬ። ጉትዬ ስል አናቱ ላይ ያለውን ቀዩን ሥጋ ማለቴ ነው።

እኛ ዶሮ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። አባቴ ለበዓል ዶሮ ሲገዛ አውራውን አንስቶ በእጁ ይመዝናል፣ ደረቱን ይዳብሳል፣ ላባውን እፍ ብሎ ቆዳውን ያያል። ዳኛው ሲያደርጉት ያየሁት ያንኑ ነው። የቀለም ስምም አያጥረንም፤ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ቆቅማ፣ ዥግርማ እንላለን። አገር ቤት ግን ገብስማዋ ከሌላዋ ገብስማ ጋር ቁርጥ አንድ እንድትሆን የሚጠይቅ የለም። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከ2008 ጀምሮ የሆሮ ዶሮን በትውልድ እየመረጠ ሲያሻሽል የሚያየው እንቁላሏንና ክብደቷን ነው። እዚህ የሚዳኘው መልክ ነው። ስለዚህ ለእንቁላል የለመድነው የአመራረጥ ዘዴ ለትርዒት በቀጥታ አይሠራም።

ከመግዛታችሁ በፊት ቁጠሩ

ለምሳሌ ያህል እንዲህ አስቡት። ከሁለት ጫጩት አንዱ ጉትዬው ልክ ይሆናል እንበል። ከሁለት አንዱ እግሩ ልክ ይሆናል። ከሁለት አንዱ ቀለሙ ልክ ይሆናል። ከሁለት አንዱ ቅርጹ ልክ ይሆናል። አራቱንም ባንድ ላይ ያሟላ ከ16 ጫጩት አንድ ብቻ ነው። አምስተኛ ነገር ከጨመራችሁ ከ32 አንድ። ስድስተኛ ከጨመራችሁ ከ64 አንድ።

ዝርያ ስትመርጡ የምትመርጡት ይህንን ቁጥር ነው። አንድ ወጥ ቀለም ያላት ዶሮ የምትጠይቃችሁ ጥቂት ነገር ነው። እያንዳንዱ ላባዋ ጥለት ያለው ዶሮ ብዙ ትጠይቃለች። እኔ በዓመት 60 ገደማ ጫጩት አስፈለፍላለሁ። ከዚያ በላይ ቦታውም ጊዜውም የለኝም። የእናንተም ቁጥር ስንት እንደሆነ ሳታውቁ ዝርያ አትምረጡ።

ሮድ አይላንድ ሬድ ወይስ ነጭ ፕሊማውዝ ሮክ?

ብዙ አበሻ የሚጀምረው በሮድ አይላንድ ሬድ ነው። አገር ቤት ስሟን ሰምተናል፤ በመንግሥት የዶሮ ማራቢያ ጣቢያዎች በኩል ለገበሬው ስትከፋፈል ኖራለች። እኔም የጀመርኩት በሷ ነው። መስፈርቱ ውስጥ የገባችው በ1904 ነው። አውራው 8 ከግማሽ ፓውንድ፣ 3.9 ኪሎ ገደማ፤ ሴቷ 6 ከግማሽ ፓውንድ፣ 2.9 ኪሎ ገደማ መመዘን አለባቸው። ቅርጿ ከጎን ሲታይ እንደ ጡብ ነው፤ ረጅም፣ ጀርባዋ ቀጥ ያለ።

ችግሩ ቀለሟ ላይ ነው። «ቀይ» ስለተባለች አንድ ቀለም ይመስላችኋል። ዳኛው የሚፈልገው ከሩቅ ሲታይ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ከአንገት እስከ ጭራ የማይዥጎረጎር፣ የሚያብረቀርቅ ጥልቅ ቀይ ነው። የላባው ሥርም ቀይ መሆን አለበት፤ አመድማ ከሆነ ጉድለት ነው። ክንፏ ሲዘረጋ ደግሞ ጥቁሩ በተወሰነለት የላባ ጎን ላይ ብቻ መታየት አለበት፤ ካለቦታው ከወጣ ይቆጠርባችኋል። ጭራዋ ጥቁር ነው። ነጠላ ጉትዬዋ አምስት ጫፍ ይኖረዋል። የጆሮዋ ቆዳ ቀይ። ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ይታያችኋል።

ሌላው ወጥመድ ስሟ ነው። በፖስታ የሚላኩት የጅምላ ጫጩቶችም «ሮድ አይላንድ ሬድ» ይባላሉ። እነሱ ለእንቁላል የተመረጡ ናቸው፤ ቀለማቸው ወደ ሸክላ ያደላል፣ ሰውነታቸው አነስ፣ ጀርባቸው አጠር ይላል። እንቁላል ለሚፈልግ ቤት መልካም ዶሮዎች ናቸው። ከትርዒቷ ሬድ አጠገብ ብታቆሟቸው ግን የሚጋሩት ስሙን ብቻ ነው።

ነጭ ፕሊማውዝ ሮክን አሁን አረባለሁ። መስፈርቱ ውስጥ ከገባች ከ1888 ጀምሮ የሚጠየቀው ያው ነው፤ ነጭ ላባ፣ ቢጫ እግር፣ ቀይ ነጠላ ጉትዬ፣ ሰፊ አካል። አውራው 9 ከግማሽ ፓውንድ ነው፣ 4.3 ኪሎ። ሴቷ 7 ከግማሽ፣ 3.4 ኪሎ። የቀለም ጣጣ የላትም ማለት ይቻላል። ከ60 ጫጩት ውስጥ በላባ ጥለት ምክንያት የምጥለው የለም። ሙሉ ትኩረቴ ቅርጿ ላይ ይሆናል።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። የድሮ አሜሪካውያን አርቢዎች «መጀመሪያ ጎተራውን ሥራ፣ ከዚያ ቀለም ቀባው» ይላሉ። ጎተራ የሚሉት አጥንቱንና ቅርጹን ነው። ነጭ ዶሮ ስትይዙ ጎተራው ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ደረቷ ይሞላል ወይ? ጀርባዋ ከትከሻ እስከ ጭራ ስፋቱን ይጠብቃል ወይ? እግሮቿ ተራርቀው ይቆማሉ ወይ? ዓይናችሁ ይህን ለማየት ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከጥለት ጋር መታገል ባይጨመርባችሁ ይሻላል።

የነጭ ዕዳዋ ንጽሕና ነው። ፀሐይ ላባዋን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፤ ቢጫ በቆሎ ሲበዛም ይብስባታል። ስለዚህ ለትርዒት ያሰብኳቸውን በጋውን ጥላ ውስጥ አቆያቸዋለሁ። ከትርዒቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብዬ ጋራዥ ውስጥ ሦስት ገንዳ እደረድራለሁ። አንዱ ለብ ያለ ውኃ ከሳሙና ጋር። ሁለተኛው ጥቂት ኮምጣጤ የተጨመረበት፣ ሳሙናውን የሚያስለቅቅ። ሦስተኛው ንጹሕ ውኃ። ዶሮዋ መጀመሪያ ትንፈራገጣለች። ውኃው ክንፏን አልፎ ቆዳዋ ሲደርስ ግን ጸጥ ትላለች፤ ዓይኗን ጨፈን ጨፈን ታደርጋለች፤ አንገቷን ክንዴ ላይ ጣል ታደርገዋለች። እሷን በፎጣ ጠቅልዬ በፀጉር ማድረቂያ ሳደርቅ አንድ ሰዓት ይሄዳል። በጣም ደስ የሚለኝ የሥራው ክፍል ይህ ነው።

ማጠቡን የማትወዱ ከሆነ ጥቁር አውስትራሎርፕ አለች። በ1929 ነው መስፈርቱ ውስጥ የገባችው። እሷም አንድ ቀለም ናት። ጥቁሯ ግን እንደ ጥንዚዛ ጀርባ አረንጓዴ ማብረቅረቅ አለበት። ላባዋ ላይ ሐምራዊ መስመር ከወጣ ጉድለት ነው፤ እሱን ለማጥራት ዓመታት ይፈጃል። የእግሯ መዳፍ ነጣ ያለ፣ ዓይኗ ጠቆር ያለ መሆን አለበት። ቆሻሻ አይታይባትም። ከነጭ ሮክ ቀጥሎ ለጀማሪ የምመክረው እሷን ነው።

ገብስማዋ ፕሊማውዝ ሮክ

ባርድ ሮክ የምትባለውን ያየ አበሻ ሁሉ «ገብስማ!» ይላል። ጥቁርና ነጭ መስመር በያንዳንዱ ላባ ላይ። በ1874ቱ መጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነበረች። ለዓይን ከሷ የምታምር ጥቂት ናት። ለጀማሪ ግን አልመክራትም። ለምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

መስመሩን የሚሰጠው የዘር ቅንጣት ጾታ ከሚወስነው ክር (ክሮሞዞም) ጋር የተሳሰረ ነው። አውራው ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ ሴቷ አንድ ብቻ። ሁለት ቅጂ ያለው መስመሩ ሰፋ፣ መልኩ ነጣ ይላል። ስለዚህ ከአንድ እናትና አባት የተፈለፈሉ ወንድምና እህት በተፈጥሮ አንድ መልክ አይኖራቸውም፤ እሱ ይነጣል፣ እሷ ትጠቁራለች። ዳኛው ደግሞ ሁለቱም ተቀራራቢ መልክ እንዲኖራቸው ይፈልጋል።

አርቢዎቹ ያገኙት መፍትሔ ሁለት ቤት ማርባት ነው። በአንዱ ቤት ለትርዒት የሚሆን አውራ ከጠቆሩ ሴቶች ጋር ይገባል፤ ከዚያ ቤት የሚጠበቀው ወንድ ብቻ ነው። በሌላው ቤት ለትርዒት የሚሆኑ ሴቶች ከነጣ አውራ ጋር ይገባሉ፤ ከዚያ የሚጠበቀው ሴት ብቻ ነው። ከየቤቱ ግማሹ ጫጩት ገና ሲፈለፈል ለትርዒት አይሆንም ማለት ነው። ሁለት ቤት፣ ሁለት መዝገብ፣ ሁለት እጥፍ መኖ። ሁለት አርቢዎች ተከፋፍለው አንዱ የወንዱን፣ ሌላው የሴቱን ዘር ቢይዙ ጥሩ ይሆናል። ወንድማችሁ ወይም ጎረቤታችሁ አብሯችሁ ከገባ አስቡበት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ይቆይ።

ሌሎቹን ባጭሩ

ሲልቨር ሌስድ ዋያንዶት በ1883 ነው የገባችው። እያንዳንዱ ነጭ ላባ ዙሪያውን በጥቁር ተከቧል። ጠርዙ ከቀጠነ፣ ከሰፋ፣ ጫፉ ላይ ከተቆረጠ ይቆጠራል። እሷ ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ። ጉትዬዋ ጠፍጣፋ፣ ጽጌረዳ የሚባለው ዓይነት ነው። ይህን ጉትዬ ከእናትም ከአባትም የወረሰ አውራ የማስረገዝ አቅሙ ዝቅ ይላል። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ደህና ነው። ለዚህ ነው ዋያንዶት ውስጥ ነጠላ ጉትዬ ያላቸው ጫጩቶች አልፎ አልፎ የሚወጡትና አዋቂ አርቢዎች ሁሉንም የማይጥሏቸው። እንቁላሎቻችሁ ባዶ ሆነው ቢያስቸግሯችሁ መኖውን ከመቀየራችሁ በፊት አውራውን ጠርጥሩ።

ሰማያዊዋ አንዳሉሲያን ለሒሳብ ወዳጅ ናት። ሰማያዊ ከሰማያዊ ስታገናኙ በአማካይ ሩቡ ጥቁር፣ ግማሹ ሰማያዊ፣ ሩቡ ነጭ ሆኖ የተረጨ ይወጣል። ጥቁሩንና የተረጨውን ብታገናኙ ግን ጫጩቶቹ ሁሉ ሰማያዊ ይሆናሉ። ቀለሟን በዚህ መንገድ ታገኙታላችሁ፤ የላባዋን ጠርዝ ማጥራት ግን ሌላ ትግል ነው።

ሌግሆርን ቀላል ናት፤ አውራው 6 ፓውንድ ብቻ። ጉትዬው ትልቅ ስለሆነ በኦሃዮ ክረምት ውርጭ ይመታዋል፤ ከተመታ ጫፉ ይወድቃል፣ ትርዒቱም አብሮ ይቀራል። ቴክሳስ ለምትኖሩ ይህ አያሳስብም። ብራህማ ግዙፍ ናት፤ አውራው 12 ፓውንድ፣ 5.4 ኪሎ ይመዝናል። ሙሉ አካሉን ለመያዝ ከዓመት በላይ ይፈልጋል፤ የእግሩ ላባ በጭቃ ይሰባበራል። ትዕግሥትና ደረቅ ቤት ካላችሁ ድንቅ ናት። ሲልኪ አምስት ጣት፣ ጥቁር ቆዳ፣ ጥጥ የመሰለ ላባ አላት። ልጆች ይወዷታል። እንቁላል ታቅፋ መነሳት ስለማትወድ የሌሎቹንም ትፈለፍልላችኋለች።

ትልቅ ወይስ ባንታም?

አብዛኛው ዝርያ በሁለት መጠን አለ። የፕሊማውዝ ሮክ ባንታም አውራ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። የሚበላው ጥቂት፣ የሚፈልገው ቦታ ጥቂት፣ በመኪና ስድስት ሰባት ይዞ ለመሄድም ይመቻል። ጓሮአችሁ ጠባብ ከሆነ ምርጫው ተመልሷል። ሰው ሁሉ ስለሚይዛቸው ግን ትርዒት ላይ ፉክክሩ ጠንካራ ነው። ከዚህ በፊት ከተማችሁ አውራ ዶሮ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ከተማ ሴት ፈቅዶ አውራ ይከለክላል፤ ያለ አውራ ደግሞ ማርባት የለም።

እኔ ትልቁን የመረጥኩት በሌላ ምክንያት ነው። ከ60 ጫጩት ለመራቢያ የማስቀረው ስድስት ያህል ነው። ጥቂት ይሸጣል፣ ጥቂት ይሰጣል። የቀረውስ? ይህን ጥያቄ ሳይመልስ የትርዒት ዶሮ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ዓመት ቤቱ ሞልቶበት ያቆማል። የኛ ቤት መልስ አለው። ስድስት ወር የሞላው የሮክ አውራ ሥጋው ጠንከር ያለ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ዶሮ ቁሌቱ ሳይበስል ይፈርሳል፤ ይህኛው ግን ረጅም እሳት ይችላል። አሥራ ሁለቱም ብልት ቅርጹን ይዞ ይወጣል። በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት የተፈለፈለው ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል። ሌግሆርን ወይም ባንታም ቢሆን ይህን አላገኝም ነበር።

ሁዳዴም ያግዘኛል። ለትርዒት የሚፈለፈልበት ወቅት ከጾሙ ጋር ይገጥማል። ቤት ውስጥ እንቁላል የሚበላ የለም። ሴቶቹ የጣሉት ሁሉ ወደ መፈልፈያ ማሽኑ ይገባል።

ከማን ይገዛ?

ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ከትልልቅ ጫጩት አስፈልፋይ ድርጅቶች በፖስታ ማዘዝ ነው። ርካሽ ነው፣ ክትባቱንም አብሮ ማዘዝ ይቻላል። እኔ የጀመርኩት እንዲህ ነው፤ ያቺ የጤፍ ፍሬም ከዚያ ነው የመጣችው። ለመልመድ ይሆናል፣ ለትርዒት አይሆንም።

ሁለተኛው ከትርዒት አርቢ እንቁላል ገዝቶ ማስፈልፈል ነው። ዘሩ ጥሩ ነው። መንገድ ላይ ግን እንቁላሉ ይናጣል፤ ውስጡ ያለው የአየር ከረጢት ቦታውን ይለቃል። ከደርዘኑ ጥቂት ብቻ ቢፈለፈል አትደነቁ። ከሆነ ራሳችሁ ነድታችሁ ሂዱና አምጡ። ቤት ሲደርስ ጠባቡን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ አንድ ቀን አሳርፉት፤ ከዚያ በ37.5 ዲግሪ 21 ቀን።

ሦስተኛው «ትሪዮ» የሚሉት ነው፤ አንድ አውራና ሁለት ሴት፣ ያደጉ፣ በዓይናችሁ አይታችሁ። ከሁሉም ውድ ነው፤ በኔ ግምት ከሁሉም የሚረክሰውም እሱ ነው። ምን እንደገዛችሁ ታውቃላችሁ። አርቢው ዘሩን ለዓመታት ስለያዘ የትኛው ጉድለት ከየት እንደሚመጣ ይነግራችኋል። ከአንድ ሰው ብቻ ግዙ። አውራውን ከአንዱ፣ ሴቷን ከሌላው ብትገዙ ሁለቱም ውብ ሆነው ልጆቻቸው የተዘበራረቁ ይሆናሉ።

ሰውየውን እንዴት ታገኙታላችሁ? ትርዒት ሂዱ። ኮሎምበስ ላይ በኅዳር የሚደረገው ኦሃዮ ናሽናል ትልቅ ነው። ዶሮ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ለማየት ብቻ ሂዱ። ዳኛው ከጨረሰ በኋላ ከሽቦ ቤቶቹ አጠገብ ቁሙና ባለቤቱ ሲመጣ ሰላም በሉት። እኔ ነጭ ሮኮቼን የገዛሁት ከሰባ ዓመት በላይ ከሆናቸው ገበሬ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳናግራቸው አልሸጡልኝም። «በፀደይ ና፣ ቤቱን እይ» አሉኝ። ሄድኩ። ግማሽ ቀን ዶሮ አሳዩኝ፤ የወደቁትንም ለምን እንደወደቁ እያነሱ አስረዱኝ። የመጀመሪያውን ትሪዮ ያገኘሁት በመከር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ ስልክ ደውሉ፣ በገና ጠይቁት፣ የዶሮዎቹ ልጆች ሲያሸንፉ ንገሩት።

ስትገዙ የደም ምርመራ ወረቀት ጠይቁ። ከ1935 ጀምሮ የሚሠራ ብሔራዊ የዶሮ ጤና መርሐ ግብር አለ፤ ፑሎረም ከሚባለው በሽታ ነጻ መሆናቸውን ያረጋግጣል። አብዛኛው ትርዒት ያለሱ በር አያስገባም። ከ2022 ወዲህ የወፍ ጉንፋን ስላለ ትርዒት የሚሰረዝበት ጊዜም አለ፤ ከመንዳታችሁ በፊት ደውሉ። አዲስ ዶሮም ሆነ ከትርዒት የተመለሰች ዶሮ ሠላሳ ቀን ለብቻዋ ትቆይ።

እንዴት ይገናኙ?

እዚህ ላይ የኛ ሰው ይቸገራል። ዘመድ ከዘመድ ማገናኘት ይከብደናል። በትርዒት ዶሮ ግን መልክ የሚጸናው በዚያ ነው። አባት ከሴት ልጁ፣ እናት ከወንድ ልጇ ይገናኛሉ፤ ጥሩው ጠባይ እየጠበቀ ይሄዳል። ጉድለቱም እንደዚያው። ሲበዛ መጀመሪያ የሚታየው እንቁላሉ ላይ ነው፤ ባዶው ይበዛል፣ ጫጩቱ ቅርፊት ውስጥ ይሞታል። ያኔ ትመለሳላችሁ።

ሌላው አማራጭ አዲስ ደም ማስገባት ነው። ጉልበት ይመልሳል፤ መልኩን ግን ይበትነዋል። አንድ አውራ ከውጭ አምጥታችሁ ቤቱን ሁሉ በሱ አትሙሉ። ከአንዲት ሴት ጋር ለብቻ ሞክሩት፣ ልጆቹን እዩ፣ ከዚያ ወስኑ።

እኔ የምከተለው የሦስት ቤቱን መንገድ ነው። ሴት ልጆች ሁሌም በእናታቸው ቤት ይቀራሉ። ወንዶቹ ወደ ቀጣዩ ቤት ይዛወራሉ፤ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ከሦስተኛው ወደ አንደኛው። ቀላል ነው፣ መዝገቡ አያምታታም፣ ዝምድናውም ቀስ ብሎ ነው የሚጠብቀው። ቦታው ለሁለት ቤት ብቻ የሚበቃ ከሆነ አባትና ሴት ልጅ፣ እናትና ወንድ ልጅ ይሻላችኋል።

የቱንም ብትመርጡ አንድ ጉድለት የሚጋሩ ሁለት ዶሮዎችን አታገናኙ። ጭራው ከፍ ያለ አውራ ጭራዋ ልክ ከሆነ ሴት ጋር ይሂድ። የሁለቱም ጭራ ከፍ ካለ በሚቀጥለው ዓመት ቤቱ ሁሉ ጭራው ከፍ ያለ ይሆናል። ያቺ በጣት መሃል የምትበቅል ላባም እንዲሁ ናት። ስለዚህ ጫጩቶቹ ላባ ማውጣት ከጀመሩ ጀምሮ እግራቸውን እያየሁ እመዘግባለሁ። ዳኛው እንዳደረጉት አድርጌ፣ ወደ መብራቱ አዙሬ፣ በአውራ ጣቴ።

መዝገቡ የሚጀምረው በተፈለፈሉበት ቀን ነው። የዶሮ ጫጩት በሁለቱ እግሮቹ ላይ በጣቶቹ መሃል አራት ስስ ቆዳዎች አሉት። በትንሽ መብሻ አንዱን ወይም ሌላውን ስትበሱ 16 የተለያየ ምልክት ይወጣል፤ የትኛው ጫጩት ከየትኛው ቤት እንደሆነ እስኪያረጅ ይነበባል። ዘንድሮ ሦስት ምልክት ብቻ ነው የተጠቀምኩት። ግራ ውጭ፣ ግራ ውስጥ፣ ቀኝ ውጭ። ማሽኑ ውስጥ ያሉት 40 እንቁላሎች ማክሰኞ 21 ቀን ይሞላቸዋል። መብሻውን ቀቅዬ፣ ደብተሩን ከፍቼ አስቀምጫለሁ።